ሦስት ፋታ ለአንድ ሽምግልና

ሥራዬ ቀን መቁረጥ ነው። ድሮ ቀን የሚቆረጠው ለሠርግ ነበር ይባላል፤ ዛሬ ግን ድሬዳዋ ውስጥ ቀን ሳይቆረጥለት ወደ ተራራ የሚወጣ ሰው የለም። ከታች ሙቀቱ አለ፣ ከላይ የክረምቱ ወጀብ አለ። በሁለቱ መሃል አንዳንድ ጠዋት ሰው ሊያልፍበት የሚችል ጊዜ ይገኛል፤ እሱን ፋታ እንለዋለን። ፋታው መቼ ገብቶ መቼ እንደሚያልቅ አስልቼ፣ ወረቀቱ ላይ ፈርሜ የምሰጠው እኔ ነኝ። ትርንጎ እባላለሁ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እኔ ቀን ቆርጬለት መንገድ ላይ የቀረ ሰው የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

ኑሯችን የታወቀ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጡሩምባ ይነፋል፤ ሱቅ ይዘጋል፣ ፍየል ይገባል፣ አውቶቡስ ያገኘው ጥላ ሥር ይቆማል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ይነፋል፤ ሁሉም ይወጣል። በመሃል ያሉትን ስምንት ሰዓታት የምናሳልፈው ተኝተን ነው። ማታ ማታ የቀበሌው ሰሌዳ ላይ «ጡሩምባ የቀደማቸው» የሚል፣ ሙቀቱ ደጅ ያስቀራቸው ሰዎች ስም የሚወጣበት ወረቀት ይለጠፋል። አብዛኛውን ቀን ባዶ ነው፤ አንዳንዴ አንድ ስም ይኖራል፣ አንዳንዴ ሁለት። ሰው እያለፈ ያነባል፣ የሚያውቀው ስም ከሌለ ሐብሐቡን ገዝቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ምንተስኖት የእህቴ ልጅ ነው። እህቴ ስትሞት አራት ዓመቱ ነበርና ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አሁን ሃያ ሰባት ሞልቶታል፤ ደቻቱ ወንዝ ዳር ባለው ጣቢያ በየሰዓቱ ሙቀት እየለካ በሬዲዮ ይናገራል። ከደንገጎ አቀበት በላይ ባለው ጉም ሰፈር ደግሞ ሶስና የምትባል ልጅ ደመናውንና ነፋሱን እየለካች ትናገራለች። እኔ ፋታ የማወጣው ከሁለቱ ንባብ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ደቻቱ፣ አርባ ሰባት»፣ «ጉም ሰፈር፣ ደመና ከምሥራቅ» ሲባባሉ መሃላቸው ተቀምጬ ስጽፍ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ልጁ «ደቻቱ፣ አርባ ሰባት። ምሳ በላሽ?» ሲል ነው የባነንኩት።

በበጋ፣ የገመድ መኪናው በሚሠራበት ጊዜ፣ በጣቢያው ሥራ አምስት ጊዜ ወጥቶ አይቷታል። በአምስተኛው ለመጋባት ተስማምተው ተመለሰ። እኔም ደስ ብሎኝ ያን ቀን ለሁለት ሰው የተሳሳተ ወረቀት ሰጥቼ ነበር፤ ደግነቱ ከበር ጠርቼ መለስኳቸው።

ግንቦት ላይ ደብዳቤ መጣ። ምንተስኖት ከመስከረም አንድ ጀምሮ ለሦስት ዓመት ጨው ሜዳ ጣቢያ ተመድቧል። ጨው ሜዳ ሰው የሚኖረው ከመሬት በታች ነው። ሦስቱ ዓመት እስኪሞላ ፈቃድ የለም፤ ሬዲዮውም ከዚያ ጉም ሰፈር አይደርስም። ከዚያ የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። ደህና ናቸው፤ ብቻ ስታናግሯቸው ትንሽ ቆይተው ነው የሚመልሱት። ደንቡ አንድ ቀዳዳ አለው፦ አዲስ ያገባ ሰው አይላክም፣ ድሬ ይቀመጣል። ስለዚህ ጳጉሜ ሳያልቅ ማዘጋጃ ቤት ገብተው መፈራረም ነበረባቸው። ሶስና ደግሞ ያለ አባቷ ምርቃት እንደማትፈርም ነገረችን።

«አባዬን ጠየቅኩት» አለች በሬዲዮ፤ «ሽማግሌ ይላክ አለ።»

«በስክሪን ብናናግራቸውስ?» አልኳት።

«ሽማግሌ ደጅ ይቆማል እንጂ ስክሪን ላይ አይቆምም ብሏል።»

ክረምት ሲገባ መብረቅ ስለሚመታው የገመድ መኪናው ይቆማል። አስፋልቱን ጎርፍ ከቆራረጠው ሰባት ዓመት ሆኖታል። የቀረው እግር ነው። ሌላው ሰው ተራራ ለመውጣት ዕጣ ጥሎ ዓመታት ይጠብቃል፤ ለሕመም፣ ለለቅሶና ለጋብቻ ጉዳይ ግን ዕጣ አያስፈልግም። ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ካለ ቀን ቆራጭ አብሮ መሄድ ግዴታው ነው። ስለዚህ እኔም ጫማዬን አወጣሁ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። ተናጋሪያቸው ጋሽ ዘሪሁን ነው፤ ሰባ አራት ዓመቱ፣ ጡረታ የወጣ የምድር ባቡር ሰው፣ ሁሉን ነገር በፉርጎ የሚለካ። ጋሽ ሙክታር ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ቀፊራ ገበያ ቅመም ሲሸጥ የኖረና ከአፉ ጨዋታ የማይጠፋ። ጋሽ ኮስታ ሰባ ዓመቱ ነው፤ ዘሩ ወደ ላይ ሲቆጠር አንድ ቦታ ላይ ግሪክ ይገኝበታል። ከግሪኩ የቀረለት ግን ስሙና አንድ የሱፍ ካፖርት ብቻ ነው። ካፖርቱን በሕይወቱ ለብሶት አያውቅም። የት ይልበሰው? ሦስቱንም ከልጅነቴ ጀምሮ «አንተ» ነው የምላቸው፤ ድሬ ላይ አንቱታ አይበረክትም።

የመጀመሪያውን ፋታ ለሰኔ ሃያ ቆረጥኩ። ስድስት ሰዓት ተኩል የሚቆይ ግሩም ፋታ ነበር፤ ለሽማግሌ እግር ስድስት ይበቃዋል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከግርጌ ተነሣን። የመጀመሪያው ወገብ ራቁቱ ይባላል። ዛፍ የሚባል አልበቀለበትም፤ ረፍዶ ከያዘን ድንጋዩ ራሱ ይጠብሳል። መንገዱ ሲጋመስ አንድ ከጥንት ጀምሮ የተበላሸ ኤንትሬ የጭነት መኪና አለ። ጎማ የለውም፣ ጋቢናው ግን ደህና ነው፤ ከላዩ ጣራ ተሠርቶለት የመንገደኛ መጠለያ ሆኗል። ከኤንትሬው ሩብ ሰዓት ከፍ ብሎ ደረቁ ሸለቆ ይመጣል። ላይ ሲዘንብ እዚህ ፀሐይ ወጥታ እያለች ጎርፍ ይወርድበታል፤ እሱን ከወጀቡ ቀድሞ መሻገር ነው። ከታች ሙቀት ያባርራችኋል፣ ከላይ ጎርፍ ይጠብቃችኋል። እኔ ደሞዝ የምበላው ከዚህ መሃል ነው።

ሸለቆውን ተሻግረን አንድ ሰዓት እንደሄድን ጋሽ ሙክታር ድንገት ቆመ።

«ትርንጎ! አፌ ይጨሳል!»

ትንፋሹ ነበር። በብርድ ትንፋሽ እንደሚታይ ሰምቷል፣ አይቶ ግን አያውቅም። ሦስቱም መንገዱ መሃል ቆመው ወደ ሰማይ እየተነፈሱ ይሳሳቁ ጀመር። ጋሽ ዘሪሁን የባቡር ፉጨት ጨመረበት። ጋሽ ኮስታ ካፖርቱን ከሻንጣው አወጣ፤ ብል በልቶት ጀርባው ወንፊት ሆኗል። ለበሰው፣ እስከ አንገቱ ቆለፈው፣ ከዚያ «በረደኝ፣ አቦ» አለና ዕንባው መጣ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዕጣ ጥለው አልወጣላቸውም ነበር።

የሶስና አባት አቶ አበጋዝ ስልሳ ስድስት ዓመት የሆናቸው ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ከልጃቸው ጋር ድንች እያለሙ ይኖራሉ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ደጁ ላይ ቆሙ። «ተቀመጡ» ተባሉ፤ «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ። ጋሽ ዘሪሁን ተናገረ። ልጃችንን ልጅ አድርጉልን፣ ልጅዎን ለልጃችን ስጡን አለ፤ አንድም ፉርጎ ሳያነሣ። እኔ እንኳ ኮራሁበት።

አቶ አበጋዝ ረጅም ጊዜ ጉሙን ተመለከቱ። «መምጣታችሁ ክብሬ ነው» አሉ። «እናስብበትና እንመልሳለን። እስቲ ተመለሱ።»

ከዚያ ትኩስ ሾርባና ድንች ቀረበ፣ ጨዋታው ደራ። እኔ ግን ሾርባዬን አስቀመጥኩ። ጋሽ ዘሪሁንን ወደ ጓሮ ጠራሁት።

«ተመለሱ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ተመለሱ ማለት ተመለሱ ነው። አንቺ ልጅ፣ በአንድ ቀን ልጁን የሚሰጥ አባት የት ታውቂያለሽ? ሁለቴ ሦስቴ ሳያመላልስ?»

እኔ ባል አላገባሁም፤ ደጄ ሽማግሌ ቆሞ አያውቅም። ሙቀቱን አስልቻለሁ፣ ነፋሱን አስልቻለሁ፣ የሙክታርን ስኳር ሳይቀር አስልቻለሁ። ወጉን ማስላት ነው የረሳሁት። በአንድ ክረምት አንዱን እንኳ ስንት የምለፋበትን ፋታ ሦስት ጊዜ ከየት ላምጣ? አዳራችንን እዚያው አድርገን በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወረድን። እነሱ እየዘፈኑ፣ እኔ እየቆጠርኩ።

ሁለተኛው ፋታ የተገኘው ሐምሌ ሃያ ሦስት ነው። አቶ አበጋዝ በዚህኛው «ሰባት ቤት ይቆጠር» አሉ። ተቆጠረ። የምንተስኖት ዘር ግማሽ ሰዓት ፈጀ። የሶስና ዘር እሳቱ ዳር ከምሳ እስከ ማታ ድረስ ሄደ፤ በእያንዳንዱ ስም ላይ አንድ ታሪክ ነበርና። ጋሽ ሙክታር ሲጫወት አቶ አበጋዝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እየመቱ ይስቃሉ። ሶስና ከጓዳ ሆና ስታየኝ ትከሻዋን ሰበቀች። እሷም አባቷን እንዲህ ሲስቁ ካየች ቆይታለች መሰለኝ።

«ዘመድ አይደላችሁም» አሉ በመጨረሻ፤ «ደግ ነው። ብቻ የእናቷንም ወገን መጠየቅ አለብኝ። እስቲ ተመለሱ።»

«ምን ችግር አለ!» አለ ጋሽ ዘሪሁን። «ልጅ በችኮላ አይሰጥም። ጊዜ ውሰድ።»

ጊዜ ውሰድ? ሾርባው ትን አለኝ።

በማግስቱ ስንወርድ ኤንትሬው ጋ አረፍን። እኔ ከመኪናው ጀርባ ሆኜ ጫማዬን ሳጠብቅ እነሱ ጋቢናው ውስጥ ያወራሉ።

«ወላሂ፣ ትናንት እሺ ይለናል ብዬ ፈርቼ ነበር» አለ ጋሽ ሙክታር።

«እኔም» አለ ጋሽ ኮስታ። «ካፖርቷን ገና መልመዴ ነው።»

«ለዚህ እኮ ነው ጊዜ ውሰድ ያልኩት» አለ ጋሽ ዘሪሁን፣ ብልሃቱ እያኮራው።

በሩን ከፈትኩት። ምን እንዳልኳቸው እዚህ ሁሉንም አልጽፍም፤ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። «ያሳደግኩት ልጅ ከመሬት በታች ሊገባ ነው፤ እናንተ ካፖርት ለመልበስ ትመላለሳላችሁ!» ያልኩት ለስላሳው ነው። ጋሽ ኮስታ ካፖርቱን አውልቆ አጣጠፈና ሻንጣው ውስጥ ከተተው።

«አጠፋን» አለ ጋሽ ዘሪሁን። «በአሥራ አንድ ዓመት ሁለት ጊዜ በረደኝ፣ ትርንጎ። ሦስተኛ አማረኝ። ሰው ነኝ።»

ልቆጣው ፈለግኩ፤ አልሆነልኝም። እኔም ጉም ሰፈር ሳድር ብርድ ልብሱን ሆን ብዬ ገፍፌ ተኝቼ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፋታ ጠፋ። ፍልሰታ ገባ፣ ፍልሰታ ወጣ፤ ወጀቡ በየቀኑ ከረፋዱ በፊት ይደርሳል። ምንተስኖት ዕቃውን ማሰናዳት ጀመረ። ለጨው ሜዳ የሚፈቀደው አንድ ሻንጣ ነው፤ ያሰናዳዋል፣ ያፈርሰዋል፣ እንደገና ያሰናዳዋል። ሦስቱ ሽማግሌዎች በየጠዋቱ ቢሮዬ በር ላይ መጥተው ይቆማሉ፤ «አለ?» ይላሉ፣ «የለም» እላለሁ፣ ይሄዳሉ። ቅጣታቸውን ራሳቸው ነው የፈረዱት።

ነሐሴ ሃያ አምስት ከሰዓት በኋላ፣ ከሁለተኛው ጡሩምባ ቀጥሎ፣ ሬዲዮው ተናገረ። ምንተስኖት የሰዓቱን ንባብ ይዞ አጠገቤ ነበር።

«ጉም ሰፈር» አለች ሶስና። «ነገ ፋታ አለ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይገባል። ሦስት ሰዓት ላይ ያልቃል። አራት ሰዓት ነው።»

ለሽማግሌዎቹ የሚያስፈልገው ስድስት ነው። ከአዲስ ዓመት በፊት ሌላ ፋታ እንደማይኖር ሦስታችንም እናውቃለን። እዚያ ተራራ ላይ መሣሪያውን የሚያነብ ከእሷ በቀር ሰው የለም፤ ከፈለገች ስድስት ማለት ትችላለች። ያን ብትል ፈርሜ እወጣ ነበር።

«እርግጠኛ ነሽ?» አልኳት። ድምፄ ልመና መሰለብኝ፣ አፈርኩ።

«አክስቴ፣ ስድስት ነው ብል ማንም አያውቅብኝም» አለች። «አራት ነው።»

ምንተስኖት ጎንበስ ብሎ ቁልፉን ተጫነ። «ደቻቱ፣ አርባ አምስት» አለ። «ደግ አደረግሽ፣ ሶሲ።» ከዚያ ተነሥቶ ሻንጣውን ሊዘጋ ሄደ።

እኔ ብቻዬን ቀረሁ። አለቀስኩ፤ ካለቀስኩ በኋላ ደግሞ አሰላሁ፣ ሌላ ሙያ የለኝምና። አራት ሰዓት የሽማግሌን እግር ከታች እስከ ኤንትሬው ያደርሳል፤ ከዚያ ጥላው ሥር ውለን ማታ እንወርዳለን። አንድ የተራራ ሰው ደግሞ ከላይ እስከ ኤንትሬው ወርዶ፣ ከሦስት ሰዓት በፊት ሸለቆውን መልሶ መሻገር ይችላል። ፋታው ለሁለት ቢካፈል ይበቃል። ብቻ የሴት ወገን ወርዶ ሽማግሌ የተቀበለበት ዘመን የለም።

ሬዲዮውን አነሣሁ። «ሶስና፣ ለአባትሽ ንገሪያቸው። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ ኤንትሬው ጋ ይቆማሉ። መምጣት አለመምጣት የእሳቸው ነው።»

«አባዬ አይወርድም፣ አክስቴ። ወደ ታች ወርዶ አያውቅም።»

«ብቻ ንገሪያቸው። አራት ሰዓት ማለትሽንም ጭምር።»

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ኤንትሬው ጋ ደረስን። ሽማግሌዎቹ ከመኪናው ፊት ተሰልፈው ቆሙ። «ተቀመጡ እንጂ፣ ማን ያያችኋል?» ብላቸው ጋሽ ዘሪሁን «ሽምግልና ላይ ነን» አለኝ። ጋሽ ኮስታ ካፖርቱን አላመጣም። ሁለት ከሩብ ሆነ። ከላይ በኩል ደመናው መጥቆር ጀመረ። ሁለት ከሃያ ሲል ጠመዝማዛው ላይ ጥቁር ዣንጥላ ታየ።

አቶ አበጋዝ መጡ፤ ግን መንገዱ ማዶ ቆመው ቀሩ። እኛ ወዲህ፣ እሳቸው ወዲያ። ማን ማንን ይቀበል? ማን ተቀመጡ ይበል? ደቂቃው ይሄዳል።

«ሽማግሌ መንገድ ላይ አላናግርም» አሉ አቶ አበጋዝ በጭንቀት። «ነውር ነው። እዚህ ደጅ የለኝም።»

ጋሽ ሙክታር ወደ ኤንትሬው ዞር ብሎ አየ። «ቤትማ አለ እኮ፣ አቦ።»

አቶ አበጋዝ መኪናውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ሰማዩን አዩት። ከዚያ ዣንጥላቸውን አጥፈው መንገዱን ተሻገሩ፤ የጋቢናውን ደረጃ ወጥተው ሹፌሩ ቦታ ተቀመጡ፣ በሩንም ዘጉት። ጋሽ ዘሪሁን ካፖርት የለበሰ ያህል ራሱን አስተካከለና ዝገቱን አንኳኳ።

«ቤቶች!»

«ማነው?» አሉ አቶ አበጋዝ ከውስጥ፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው።

«እንግዶች ነን። ለሦስተኛ ጊዜ መጥተናል።»

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ግቡ።»

«የመጣንበትን ሳንናገር አንገባም» አለ ጋሽ ዘሪሁን፤ ደግነቱ አራት ሰው የሚገባበት ቦታም አልነበረም። «መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንናዘዝ። ባለፈው ጊዜ ውሰድ ያልኩህ ለልጅህ ብዬ አይደለም። ብርዱ ጥሞን ነው።»

አቶ አበጋዝ መስታወት በሌለው መስኮት አንገታቸውን አወጡ። «ብርዱ?»

«ወላሂ» አለ ጋሽ ሙክታር። «አሁን ደግሞ አስበንበታል። እምቢ ካልከን ዳግመኛ አንገናኝም። እሺ ካልከን ግን ጥሎሽ አለ፣ መልስ አለ፣ ቅልቅል አለ፣ አራስ ጥየቃ አለ። ሁሉም ያለ ዕጣ ነው።»

አቶ አበጋዝ ሳቁ። ሳቁ መሃል ላይ ቆመ፤ እጃቸው መሪው ላይ ቀረ።

«እኔም ልናዘዝ» አሉ። «ያመላለስኳችሁ ግማሹ ጨዋታችሁን ወድጄ ነው። በክረምት የኔን ደጅ የሚረግጥ የለም። ግማሹ ግን… እናቷ የቀረችው ድሬ ላይ ነው። ሶስና የሰባት ዓመት ልጅ እያለች፣ እናቷ ለሕክምና ወርዳ፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ ሦስት ሰዓት ሆነ። ጡሩምባው ተነፋ፣ አውቶቡሱ የሆነ ጥላ ሥር ቆሞ ቀረ። ስሟ በሰሌዳው ላይ መውጣቱን በስልክ ነው የነገሩኝ። እምቢ እንዳልል ልጄ ወዳዋለች። እሺ እንዳልል የምትሄደው እዚያ ነው።»

ሶስና አሁን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል ማለት ነው። ያን ጊዜም ቀን ቆራጭ ነበርኩ። ያን ማታ በሰሌዳው በኩል አልፌ ይሆናል፤ አንድ ስም አንብቤ፣ የማላውቃት ስለሆነች ሐብሐቤን ገዝቼ ወደ ቤቴ ሄጄ ይሆናል። በሽምግልና ሴት አትናገርም፤ እኔ ግን ወደ በሩ ተጠጋሁ።

«አቶ አበጋዝ፣ ትናንት ልጅዎ ስድስት ሰዓት ብትለኝ ኖሮ እነዚህን ሽማግሌዎች ይዤ ሸለቆው ውስጥ እገባ ነበር። ሠርጓን የሚያስቀርባትን ቁጥር ነው የነገረችኝ። እንደዚህች ያለችውን ጡሩምባ አይቀድማትም። ሌላም ልንገርዎት፤ እኔ ከሁለት ዓመት በኋላ ጡረታ እወጣለሁ፣ ወንበሬን የምሰጠው ሰው ሳጣ ቆይቻለሁ። ድሬ ላይ እኛ እሷን አንጠብቃትም። እሷ ናት እኛን የምትጠብቀን።»

አቶ አበጋዝ መሪውን ትንሽ ወዲህ ወዲያ አሉት። የኤንትሬው መሪ ስንት ዘመኑ ነው ከዞረ።

«ስንት ሰዓት ነው?» አሉ።

«ለሦስት ሃያ ጉዳይ።»

በሩን ከፍተው ወረዱ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ልጄን ሰጥቻችኋለሁ» አሉ። «ውለዱ፣ ክበዱ በሏቸው።»

ሽማግሌዎቹ ሦስቱም በየአምላካቸው መረቁ፣ እኔ ብቻዬን እልል አልኩ። ገደሉ መልሶ እልል አለልኝ። አቶ አበጋዝ ዣንጥላቸውን ይዘው አቀበቱን ጀመሩ። ሃያ እርምጃ ያህል ሄደው ዞሩ።

«ወይዘሮ ትርንጎ!»

«አቤት!»

«ለእኔም ቀን ቁረጪልኝ። ስትፈርም አጠገቧ ልቁም።»

ለጳጉሜ ሦስት ቆረጥኩላቸው። ፋታ አልነበረም፤ ሌላ ነገር ነበር። የሩፋኤል ዝናብ መብረቅም ጎርፍም የለውም፣ ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ ይወርዳል። ሶስና አነበበችው፣ እኔ ፈረምኩበት፣ አባትና ልጅ በዝናቡ ሥር ወረዱ። ድሬ ሙሉ ሰው ውጭ ነበር። ሕፃናቱ ራቁታቸውን ደቻቱ ዳር ይሯሯጣሉ፤ ባልቴቶች ዣንጥላ ሳይዙ ይንሸራሸራሉ። ሽማግሌዎቻችን ካፖርትና ጋቢ ለብሰው መጡ። ሃያ ስምንት ዲግሪ ነበር፤ ምንተስኖት ሙሽራ ሆኖም ሱፉን ከመልበሱ በፊት ለክቶ ተናግሯል።

ማዘጋጃ ቤት ገብተው ፈረሙ። ስንወጣ ለሦስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ነበር። አቶ አበጋዝ ደፉ ላይ ቆሙ። ሁላችንም ቆምንላቸው። ምን እየጠበቁ እንደሆነ ገብቶናል። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ሰዓት አለፈ። ዝናቡ ብቻ ይሰማል።

«ዛሬ አይነፋም» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀስ ብለው «የአውቶቡሱ ፌርማታ የቱ ጋ ነው?» አሉ።

ሙሽሮቹን አስከትለን፣ ሽማግሌዎቹን አስከትለን፣ እየበሰበስን ወሰድናቸው። ፌርማታው ሥር ቆሙ። ሶስና እጃቸውን ያዘች። ሦስት ከአሥር ላይ ከማዕዘኑ አንድ አውቶቡስ ታጠፈ፤ ፊታችን ቆመ፣ በሩ ተከፈተ።

«ሠርገኛ ናችሁ እንዴ?» አለ ሹፌሩ። «ግቡ፣ አቦ! ምን ትበሰብሳላችሁ?»

አቶ አበጋዝ ሁላችንንም አስቀደሙን፤ ከዚያ እሳቸው ተሳፈሩ።